ተፈጥሮ ውስጥ ስንሆን ሙዚቃ እንክፈት ወይስ ጆሯችንን?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ እዚህ ላንሳው። ጫካ ውስጥ፣ ተራራ ላይ ወይም ሐይቅ ዳር ስትሄዱ ሙዚቃ ትሰማላችሁ? ወይስ ስልኩን ኪስ ከታችሁ ዝም ብላችሁ ነው የምትሄዱት? የኔን አቋም ሳልደብቅ ልናገር። ስፒከር ከፍቶ ጫካ ውስጥ መሄድ ልክ አይደለም። ሙዚቃ ጠልቼ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ያለ ዘፈን ሥራ አይሄድልኝም። ግን ጫካ ውስጥ የሚሰማው ነገር የብዙ ሰውና የብዙ ፍጥረት ነው። አንድ ሰው ቁልፍ ተጭኖ ሊሸፍነው አይገባም። ኢርፎን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ የራስ ምርጫ ነው። ቢሆንም መንገዱን በሙሉ ጆሮን ደፍኖ መሄድ የጉዞውን ግማሽ ቤት ትቶ እንደመምጣት ይመስለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ምላሹ ጎረፈ። የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ አሁን ለምትመጡ ሰዎች የተባለውን ከላይ እስከ ታች በራሴ አነጋገር ላስቀምጥላችሁ። የተስማማሁበትንም ያልተስማማሁበትንም እናገራለሁ።

1ኛዋ መላሽ በጣም ጨዋ ነበረች። ከኔ ጋር ትስማማለች። መኪና ውስጥ እስከ መነሻው ድረስ የፈለገችውን ዘፈን ጮክ አድርጋ እንደምትሰማ፣ ከመኪና ስትወርድ ግን ሙዚቃውም እዚያው እንደሚቀር ነገረችን። መጀመሪያ ላይ ጆሮዋ ባዶ ይሆንባታል። ትንሽ ቆይቶ ቅጠሉም፣ ነፍሳቱም፣ የራሷ ኮቴም አንድ በአንድ እየተለዩ ይመጡላታል። እኔም የማውቀው ስሜት ነው። ጆሮ ጊዜ ይፈልጋል።

2ኛው ሯጭ ነው፤ ጫካ ለጫካ የሚሮጥ። ያለ ሙዚቃ ረጅም ዳገት አይሞከርም ባይ ነው። ማስረጃም ይዞ መጣ። በመካከለኛ ፍጥነት ሲሮጥ ሙዚቃ የድካም ስሜትን እንደሚቀንስ፣ እርምጃ ከዘፈኑ ምት ጋር ሲገጥም ደግሞ ሩጫው እንደሚቀል በስፖርት ሳይንስ የተጠና ነገር መሆኑን ጻፈ። ከዚያ ኃይሌ ገብረሥላሴን አነሳ። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1998 በርሚንግሃም ላይ የ2000 ሜትር የቤት ውስጥ ሪከርድ ሲሰብር የሚወደው ፈጣን ዘፈን በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ተለቆለት፣ እርምጃውን ከምቱ ጋር አስኪዶ ነበር። ታሪኩ የታወቀ ነው።

3ኛው ከ2ኛው ጋር አልተጣላም፣ ግን አረመው። የሙዚቃው እርዳታ ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ ነው። ሰውነት አቅሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ አእምሮ ሳንባና እግርን እንጂ ዘፈን ማዳመጡን ይተዋል። የኃይሌም ነገር አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ለውድድር በተሰበሰበበት የሆነ ነው፤ ለጫካ ምሳሌ አይሆንም። የአሜሪካ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2007 በውድድር ላይ ኢርፎን ማድረግን ከልክሎ፣ በኋላ ለሽልማት ለማይፎካከረው ተራ ሯጭ እንዳላላውም አስታወሰ። ክልከላው ሲወጣ ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ ሯጭ ከኋላው የሚመጣውን እንዲሰማ ነበር። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ታች ትመለሳለች።

4ኛው ምላሽ ጨዋታውን ወደ ቁጥር ወሰደው። ጸሐፊው በድምፅ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። አንዲት ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር በ1 ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ብታሰማ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ገደማ እየቀነሰ እንደሚሄድ አስልቶ አሳየን። በ4 ሜትር 73፣ በ16 ሜትር 61፣ በ64 ሜትር 49። ነፋስ የሌለበት ፀጥ ያለ ጫካ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ ስፒከሩን የያዘው ሰው ከዓይናችን ከተሰወረ በኋላም ዘፈኑ ከጫካው ድምፅ በላይ ይሰማል። 10 ዴሲቤል ሲጨመር ለጆሯችን እጥፍ ያህል ጮክ ያለ እንደሚመስልም ነገረን፤ እንግዲህ ልዩነቱን አስቡት። ዛፉ ድምፁን ይውጠዋል የሚሉትንም አላለፋቸውም። ጫካው በጣም ጥቅጥቅ ካላለ ዛፍ የሚይዘው ድምፅ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው፣ በተለይ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ። ሐይቅ ላይማ ይብሳል። ጠዋትና ማታ ውሃውን ተጠግቶ ያለው አየር ከላይኛው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ታች ይታጠፍና ማዶ ድረስ ይሻገራል። ሐይቅ ዳር ያደረ ሰው የማዶውን ወሬ አጠገቡ እንዳለ አድርጎ ሰምቶ ያውቃል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

5ኛው ላይ ድምፁ ከረረ። ጸሐፊው በእኔም በ4ኛውም ተናደደ። ጫካው የሕዝብ እንደሆነ፣ እሱም ሕዝብ እንደሆነ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ ከርሞ በእረፍት ቀኑ ከጓደኞቹ ጋር ሲወጣ ዝም በል የሚለው ሰው እንደማይፈልግ ጻፈ። ዝምታ የሚወዱ ሰዎች ራሳቸውን ከሌላው ከፍ አድርገው ያያሉ ብሎም ከሰሰን። በዚህኛው ክስ ላይ እውነት አለው። አንዳንዱ ሰው ሙዚቃ የከፈተ ወጣት ሲያይ ፊቱን የሚያጠቁርበት መንገድ ያሳፍራል። የሕዝብ ነው የሚለው ክርክሩ ግን አያስኬድም።

ለምን እንደማያስኬድ 6ኛዋ ከኔ በተሻለ አስረዳችው። የሕዝብ የሆነ ቦታ ማለት አንዱ የፈለገውን የሚያደርግበት ሳይሆን ሁሉም የሚበቃው የሚያገኝበት ነው። በኢርፎን የሚሰማ ሰው ከማንም ምንም አይወስድም። ስፒከር የከፈተ ሰው ግን ለሁሉም ሰው መርጦለታል። ከዚያ የአሜሪካን ብሔራዊ ፓርኮች ደንብ ጠቀሰች። ደንቡ ከ15 ሜትር ገደማ ርቀት ሲለካ ከ60 ዴሲቤል የሚያልፍ የማጫወቻ ድምፅን ይከለክላል። ወደ 4ኛው ስሌት መልሳ ወሰደችን፦ ያቺ ትንሽ ስፒከር በ16 ሜትር 61 ናት። መስመሩን አልፋለች።

7ኛው ምላሽ የ5ኛው ሰው ነው፣ ተመልሶ መጣ። 59 ከሆነ ይፈቀዳል ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ደግሞስ ከስፒከር በላይ የሚጮሁ ሕፃናት ለምን አይከለከሉም? 8ኛው በሁለት መስመር መለሰለት። ደንቡ በቁጥሩ ብቻ አያበቃም፣ ከ60 በታችም ቢሆን ለቦታውና ለሰዓቱ የማይገባ ድምፅ ይከለከላል። ስለ ሕፃናቱ እኔ ልመልስ። ፏፏቴ አይቶ የጮኸ ሕፃን የጮኸው ፏፏቴውን አይቶ ነው። ደስታው ከቦታው የመጣ ነው፣ ቶሎም ያልፋል። ለሦስት ሰዓት የሚዘልቅ ፕሌይሊስት ሌላ ነገር ነው።

9ኛዋ እህታችን ብቻዋን ተራራ የምትወጣ ናት። ለእሷ ጉዳዩ የውበት ሳይሆን የደህንነት ነው። ከኋላ የሚመጣ ኮቴ፣ በቁልቁለት የሚወርድ ብስክሌት፣ ከላይ የሚንከባለል ድንጋይ፣ ሁሉም ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ሁለቱንም ጆሮዋን ደፍና ሄዳ እንደማታውቅ ጻፈች። አንድ ጆሮ ክፍት ይበቃል የሚሏትንም አልተቀበለችም፤ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ የምናውቀው ሁለቱን ጆሮ አስተያይተን ስለሆነ በአንዱ ብቻ የሰማ ሰው ዞር የሚለው ወደተሳሳተው ወገን ሊሆን ይችላል። እስከዛሬ አንድ ጆሮ ክፍት ይበቃል የምትሉ ሰዎች ይህን ምላሽ ሁለቴ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

10ኛው ከእሷ ቀጠለ፣ ስለ ነጎድጓድ። ብልጭታውን አይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሴኮንድ መቁጠር ነው። በየ3 ሴኮንዱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሴኮንድ ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ከገላጣ ቦታና ከሸንተረር ላይ ወርዶ መጠለል ያስፈልጋል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ጆሮው የተደፈነ ሰው ግን የሩቁን ነጎድጓድ ከነአካቴው አይሰማውም፣ የሚያውቀው ሰማዩ ሲጠቁርበት ነው። 10ኛው ይህን የጻፈው ማንንም ለማስፈራራት አይመስለኝም፤ አነጋገሩ ተራራ ላይ ብዙ የቆየ ሰው አነጋገር ነው።

11ኛው ነገሩን ገለበጠው። ድብ ባለበት አገር ድምፅ አሰሙ ተብሎ ይመከር የለም ወይ? እንግዲያው ስፒከሩ ነፍስ ያድናል። 12ኛዋ ቀስ ብላ አስተካከለችው። ድብን ድንገት እንዳንደርስበት ድምፅ ማሰማት እውነት ነው፣ ፓርኮቹ የሚመክሩት ግን በራሳችን ድምፅ መናገርን፣ መጣራትንና ማጨብጨብን ነው፤ በተለይ መታጠፊያ ላይና ወንዝ አጠገብ። ሙዚቃ ከፍቶ የሚሄድ ሰው ድምፅ ያሰማል፣ የእንስሳውን ኮቴና ማንኮራፋት ግን ራሱ አይሰማም። ጥሩ እርማት ነው።

13ኛው ስለ ወፎች ጻፈ። ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህንን ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። ወፍ የሚዘምረው ለመዝናናት አይደለም። ክልሉን ለማስከበርና ጥንድ ለመጥራት ነው። ድምፁ ካልተሰማ ሁለቱም አይሳካለትም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ላይደን ከተማ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሥራ፣ ጫጫታ በሚበዛበት ሰፈር የሚኖሩ ትንንሽ ወፎች ዝቅተኛውን ቃና ትተው በቀጭኑ እንደሚዘምሩ ታየ፤ ዝቅተኛው በከተማው ጉርምርምታ ስለሚዋጥባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ ተመራማሪዎች መኪና በማያልፍበት ሸንተረር ላይ ስፒከሮችን ደርድረው የመኪና መንገድ ድምፅ ለቀቁ። መንገድ የለም፣ ጭስ የለም፣ መብራት የለም፣ ድምፅ ብቻ። ድምፁ ሲለቀቅ በቦታው የሚቆጠሩት ወፎች ከሩብ በላይ ቀነሱ። እና 2020 ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲቀመጥ፣ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያሉ ድንቢጦች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መዘመር ጀመሩ፤ ዝቅ ብለውም ከበፊቱ ርቀው ተሰሙ። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ስፒከር ማንንም አይጎዳም የሚለውን ክርክር መስማት ከብዶኛል።

14ኛው፣ አሁንም ያው 5ኛው ሰው፣ ትክክለኛ ጥያቄ አነሳ። መንገድ ሌት ተቀን ይጮኻል፣ የእሱ ሙዚቃ ግን በአንድ ዛፍ ሥር የሚያልፈው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይ? አይደሉም። 13ኛውም አልካደም። ግን ሰው የሚበዛበት መንገድ ላይ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል፣ ወፏ ደግሞ ከአንዱ ስፒከር እንጂ ከሁሉም አላረፈችም፤ ለዚያውም ብዙ ሰው የሚወጣው ወፎች ጎጆ ሠርተው በሚፈለፍሉበት ወቅት ነው። አጥጋቢ መልስ ይመስለኛል። 5ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

15ኛው ላይ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። የጻፉት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አብረው ይሄዱበት የነበረውን መንገድ ብቻቸውን ይሄዱበታል። ዝምታው ከበዳቸው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ራዲዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርገው በአንድ ጆሯቸው ይሰማሉ። ወሬውን ልብ ብለው አይከታተሉትም፣ የሰው ድምፅ መኖሩ ብቻ ይበቃቸዋል። ይህ ጥፋት ከሆነ እንድንነግራቸው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ አባቴ፣ አባታችን እያሉ ነው የመለሱላቸው። እኔም እዚህ ልድገመው፦ አባቴ፣ ጥፋት አይደለም። ዝምታ ለሁሉም ሰው በሁሉም ጊዜ አያሳርፍም። ኢርፎን ሌላ ጉዳይ ነው ያልኩትም ለዚሁ ነው።

16ኛዋ የጆሮ ጩኸት ሕመም ያለባት ናት። እሷ ዝምታ የሚባል ነገር የላትም። ፀጥ ያለ ቦታ ስትሄድ ጆሮዋ ውስጥ ያለው ፉጨት ይጎላባታል። የረዳት ሙዚቃ ሳይሆን ውሃ ነው፤ መንገድ ስትመርጥ ወንዝ ተከትሎ የሚሄደውን ትመርጣለች፣ የውሃው ድምፅ ፉጨቱን ስለሚሸፍንላት። 17ኛው ከዚሁ ጋር አያይዞ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ ጠቀሰ። በዚያ ሥራ የውሃ ድምፅ መልካም ስሜትን በማምጣት፣ የወፍ ድምፅ ደግሞ ጭንቀትን በማቅለል ጎልተው ወጥተዋል።

18ኛው ማየት የተሳነው ሰው ነው። ምላሹ አጭር ነው ግን ከብዙዎቻችን በላይ ተናግሯል። እኛ እይታ የምንለው ለእሱ ድምፅ ነው። ገደል አጠገብ ሲደርስ ድምፁ ይከፈትበታል፣ ጥድ ውስጥ ሲገባ ነፋሱ ሌላ ይሆናል፣ ወንዙ የት እንደሚታጠፍ ሳይደርስበት ያውቃል። አንድ ሰው ስፒከር ከፍቶ ሲያልፍ ለእሱ መልክዓ ምድሩ ጠፋ ማለት ነው። እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቃል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ዕቃ ወሬ ሄደ። 19ኛው በጉንጭ አጥንት በኩል ድምፅ የሚያስተላልፉትን ማዳመጫዎች አደነቀ፤ የጆሮ ቀዳዳ ክፍት ስለሚተዉ የዙሪያውን ድምፅ አይዘጉም። 20ኛዋ ጉድለታቸውን ነገረችን። ነፋስ ሲነሳ አይሰሙም፣ ሰው ድምፁን ይጨምራል፣ ጆሮ ክፍት ስለሆነ ደግሞ ጉዳት የሌለው ይመስለዋል። ንዝረቱ የሚደርሰው ግን እዚያው ውስጠኛው ጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚለው ገደብ 80 ዴሲቤል ሆኖ በሳምንት 40 ሰዓት ነው፣ ድምፁ በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በጣም ያጥራል። 21ኛው ወደ ትዝታ ገባ፤ ዎክማን የሚባለው የኪስ ካሴት ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣ ወዲህ ነው ሰው ሙዚቃውን ይዞ መሄድ የለመደው ብሎ ካሴት በእስክሪብቶ ማጠንጠን ድረስ ሄደ። 22ኛው ተቆጣ፣ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ አዘዘን። ቁጣው በዛ እንጂ ልክ ነው።

23ኛዋ የወፍ ድምፅ ሰምቶ ስሙን የሚነግር መተግበሪያ እንደምትጠቀም ጻፈች። መርሊን ይባላል፣ የኮርኔል የአእዋፍ ጥናት ላብራቶሪ ነው የሠራው፤ በድምፅ መለየቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ስልክ ሲወጣ ጆሮ ይዘጋል ለሚሉት ጥሩ መልስ ናት፣ የእሷ ስልክ ጆሮዋን ከፍቶላታል። ነገር ግን የተቀዳ የወፍ ድምፅ መልሳ በማጫወት ወፎቹን ወደ ራሷ እንደምትጠራ ስትጨምር 24ኛው በሹል ቃል ወረደባት። አነጋገሩን አልወደድኩትም፣ ፍሬ ነገሩ ግን እውነት ነው። ወፉ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ ጎጆውን ትቶ ይወጣል፣ ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል። በብዙ ፓርኮች የተከለከለ ነው። እሷም አላወቀችም ነበርና አመስግናው አለፈች፤ ጨዋነቷ አስደሰተኝ።

25ኛው ስለ አሜሪካዊው የድምፅ ቀራጭ ጎርደን ሄምፕተን ነገረን። እ.ኤ.አ. በ2005 ዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው የሆ ዝናባማ ደን ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀይ ድንጋይ ግንድ ላይ አኑሮ፣ ያቺን ቦታ ብቻ ከሰው ሠራሽ ድምፅ ለመጠበቅ ተነሳ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አንዲት ነጥብ ፀጥ እንድትል ዙሪያዋ ብዙ ኪሎ ሜትር ፀጥ ማለት አለበት። 26ኛው ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው። ከላይ አውሮፕላን እያለፈ ስለ አንድ ስፒከር መጨቃጨቅ ምን ይረባል ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በአሜሪካ ጥብቅ ቦታዎች 63 በመቶው ላይ ሰው የሚፈጥረው ድምፅ የአካባቢውን የድምፅ መጠን ቢያንስ እጥፍ እንዳደረገው ጠቀሰ። ቁጥሩ ያሳዝናል። ግን አውሮፕላኑን ማውረድ አንችልም፣ ስፒከሩን ማጥፋት ግን እንችላለን። በካሊፎርኒያው ሙየር ዉድስ ፀጥታ እንዲጠበቅ የሚጠይቅ ምልክት ብቻ ሲተከል የጎብኚው ጫጫታ በመሣሪያ ተለክቶ ቀንሷል። ቅጣት አልነበረም፣ ሰው ተጠይቆ ነው እሺ ያለው። ስለዚህ ስፒከር የያዘ ሰው ስታገኙ ፊት ከማጥቆር ይልቅ ሰላም ብላችሁ ብትጠይቁት ይሻላል። ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

27ኛው ምላሽ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ አመጣ። ድንኳን በተተከለበት ቦታ ማታ ጊታር መጫወትስ? 28ኛው ሰው የሚጫወተው ሙዚቃ ከስፒከር ጋር አይነጻጸርም፣ እረኛም ከጥንት ጀምሮ ሜዳ ላይ ዋሽንት ሲነፋ ኖሯል ብሎ ተከራከረ። 29ኛዋ ደግሞ ለእንቅልፍ ለተኛ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው ብላ ዘጋችው። እኔ በዚህኛው ከ28ኛው ጋር ነኝ፣ ከአንድ ነገር በቀር። ጊታሩን ከመክፈታችሁ በፊት ጎረቤት ድንኳን ሄዳችሁ ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ደግሞ ለነገ አቆዩት። 29ኛዋ ይህንም አልተቀበለችም፤ ተጠይቆ እምቢ ማለት ለሰው ከባድ እንደሆነ ጽፋለች። 30ኛው ገና አልመጣም።